አንገቴ ያያቸው ፊልሞች

የጉዱ ሁሉ መነሻ አንገቴ ነው። ሰው ስለ ፊልም ሲያወራ፣ ምላሴ ገና የሚለውን ሲፈልግ፣ እሱ ቀድሞ ላይ ታች ማለት ይጀምራል። «ሎውረንስ ኦቭ አረቢያን አይተኸዋል?» ይባላል፤ ይነቀነቃል። «ሲትዝን ኬንንስ?» ይነቀነቃል። «ያ ኩሮሳዋ የሚሉት ጃፓናዊ ግን እንዴት ያለ ሰው ነው!» ሲባልማ መነቅነቁ አይበቃውም፤ ትዝታ የያዘኝ እንዲመስል ዓይኔንም ያስጨፍነኛል።

አንዱንም አላየሁም። የአገሬ ሰው ከልብ ያልሆነውን ነገር ሁሉ «ከአንገት በላይ» ብሎ የሰየመው እኔን የመሰለ ሰው አጋጥሞት መሆን አለበት።

ውሸታም ሆኜ ተፈጥሬ አይደለም። «አላየሁትም» ማለት ምን እንደሚያስከትል ስለማውቅ ነው። ወጣት ሳለሁ፣ መሥሪያ ቤት ምሳ ላይ፣ «ዘ ጎድፋዘርን አላየሁትም» የሚል ቃል አምልጦኝ ነበር። ባልደረባዬ ወደ አፉ የላከውን ጉርሻ መለሰው። ሽሮ ቀምሼ አላውቅም ያልኩ ነው የመሰለው። «አንተ? ያን ሁሉ መጽሐፍ የምታነብ ሰውዬ?» አለና እጁን ታጥቦ መጣ። ከዚያ ሦስት ሰዓት ሊሞላ አምስት ደቂቃ የቀረውን ፊልም ከሥር ከመሠረቱ ይተርክልኝ ጀመር። ቡናችን ቀዘቀዘ። አለቃችን መጥቶ ሄደ። ፊልሙ የሚጀምረው በሰርግ ነው፤ የምሳ ሰዓት ሲያልቅ እኔና እሱ ገና ከሰርጉ ቤት አልወጣንም ነበር። የቀረውን በማግስቱ ጨረሰልኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ አንገቴ ራሱን ችሎ መሥራት ጀመረ። አንድ ነቅነቅ ሁለት የምሳ ሰዓት ያተርፋል። ሃያ ዓመት ከሰው አፍ የለቀምኩት ቁርጥራጭ ተጠራቅሞም ስላላየሁት ፊልም አስተያየት እስከ መስጠት አደረሰኝ። «መጨረሻው ትንሽ ይጎተታል» እላለሁ። ሞክሩት፤ ለየትኛውም ፊልም ይሆናል። እስካሁን የተከራከረኝ የለም።

እውነትና ንጋት ግን እያደር ይጠራል።

የጠራብኝ በአንድ የሰፈራችን ሽማግሌ ነው። ጋሼ እንላቸዋለን። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ ዳቦ ለመግዛት ክራቫት የሚያስሩ ሰው ናቸው። ወጣትነታቸው ያለፈው ፒያሳ ነው፤ ሲኒማ ኢትዮጵያና ሲኒማ አምፒር ፊልም ሲቀይሩ እሳቸው ሸሚዝ በሚቀይሩበት ዘመን። እንደሚሉት ከሆነ ያኔ ሲኒማ የሚገባ ሰው መጀመሪያ ጫማውን ያስወለውል ነበር። «እናንተ በነጠላ ጫማ፣ ሶፋ ላይ ተጋድማችሁ ነው የምታዩት፤ ፊልሙ ራሱ ያፍራል» ይሉናል።

አንድ እሑድ እኛ ቤት ቡና ተጠርተው፣ ገና አቦሉ ላይ፣ «ካዛብላንካን መቼም አይተኸዋል» አሉኝ። አንገቴ ሥራውን ጀመረ። ምላሴም ደፈር አለና «ድንቅ ነው ጋሼ፤ መጨረሻው ትንሽ ይጎተታል እንጂ» አለ።

ጋሼ ሲኒያቸውን አስቀመጡ። «እንግዲያው ንገረኝ፤ ያ ሪክ የሚባለው ሰውዬ ለኢትዮጵያ ያደረገውን ታስታውሳለህ?»

አንገቴ መሐል መንገድ ላይ ቀረ። ካዛብላንካ ያለችው ሞሮኮ ነው። ኢትዮጵያን ማን ወሰዳት እዚያ? ባለቤቴን አየኋት። ፈንዲሻ እያደለች ነው፤ ፊቷ ላይ ግን «ዛሬ ተያዝክ» የሚል በትልልቁ ተጽፏል።

«ያው... ብዙ ነገር ነው ያደረገው» አልኩ።

«ብዙ ነገር» አሉ ጋሼ፣ ቃሉን እንደ ከረሜላ አፋቸው ውስጥ እያገላበጡ። ሌላ አልጨመሩም። ጨዋ ሰው ናቸው። ቶናው ሲመጣ ስለ ዝናቡ ተጫወትን።

በማግስቱ የእህቴን ልጅ ጠራኋት። ዩኒቨርሲቲ ትማራለች፤ ፊልም የሚባል ነገር ከእጇ አያመልጥም። «አሮጌዎቹን፣ ታላላቆቹን ፈልጊልኝ» አልኳት። «ስንት ዓመት አሮጌ?» «እኔን የሚያህል። ከእኔም የሚበልጥ።» በሦስተኛው ቀን ሃምሳ ፊልም የተጫነበት ፍላሽ ይዛ መጣች። ጥፍር አያክልም። የሃያ ዓመት ውሸቴ በሙሉ ተሰብስቦ ጥፍር አላከለም!

«እንግዲህ አጎቴ፣ የፊልም ማራቶን ልትሮጥ ነው» አለችኝ።

ማራቶን በዚህ አገር እንደዋዛ የሚጠራ ቃል አይደለም። አበበ ቢቂላ በ1960 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ የጨረሰውን ነገር እኔ ትራስ ተደግፌ፣ ቆሎ እየቆረጠምኩ ልሮጠው ነው። ሂሳቡንም አስቡት። ሎውረንስ ኦቭ አረቢያ ከሦስት ሰዓት ተኩል ይበልጣል። አበበ ሮጦ ጨርሶ፣ ሜዳሊያውን አጥልቆ፣ ገላውን ታጥቦ ቢመጣ ሎውረንስ ገና በረሃ ላይ ነው።

ቴሌቪዥኑ እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት የባለቤቴ ነው። አንድ የቱርክ ድራማ አላት፤ ሰዎቹ ሁለት ዓመት ሙሉ ሊጋቡ ነው። ከሦስት ሰዓት በኋላ የእኔ ሆነ። የእኔ ስል፣ የእኔና የአማቴ። አማቴ ለሕክምና ከጎጃም መጥተው እኛ ዘንድ ከርመዋል፤ እንቅልፋቸውም ትንሽ ነው። ባዘቷቸውን ጭናቸው ላይ፣ እንዝርታቸውን በእጃቸው አድርገው ከጎኔ ይቀመጣሉ። ከሥር የሚያልፈው ጽሑፍ እንግሊዝኛ ስለሆነ አስተርጓሚው እኔ ነኝ።

ጥቂት ሌሊት እንደቆየን አንድ ነገር ገባኝ። ፊልሙ ሲያሰለቻቸው እንዝርቷ ትፈጥናለች። ሲይዛቸው ቀርፈፍ ትላለች። ከቆመች አለቀ፤ ትልቅ ፊልም ነው። ለፊልም ኮከብ የሚሰጡ ሰዎች አሉ፤ ከአምስት ሦስት፣ ከአምስት አራት እያሉ። ከእንዝርቷ ጋር አላወዳድራቸውም።

መጀመሪያ የከፈትኩት እንደምትገምቱት ካዛብላንካን ነው፤ 1942 እ.ኤ.አ. የወጣውን፣ ሃምፍሪ ቦጋርትና ኢንግሪድ በርግማን የተወኑበትን። ታሪኩ ሞሮኮ ይሁን እንጂ የተቀረጸው እዚያው ካሊፎርኒያ ስቱዲዮ ውስጥ ነው። ይኼን ሳውቅ ትንሽ ተጽናናሁ። ሳይሄዱ የሄዱ መምሰል ለካ የእኔ ብቻ አመል አይደለም።

ብዙም ሳይቆይ ፈረንሳዊው የፖሊስ አዛዥ ከሪክ ጋር እየተቀላለደ የቀድሞ ታሪኩን አወጣበት። ሰውዬው በ1935 ለኢትዮጵያ መሣሪያ በድብቅ ያቀብል ነበር!

«አለ!» ብዬ ተነሣሁ። ቆሎው ምንጣፉ ላይ ፈሰሰ። ባለቤቴ ከመኝታ ቤት «ምን ሆንክ?» አለች።

«መሣሪያ አቀብሎናል!»

«ማን?»

«ሪክ!»

መልስ አልመጣም።

1935 ማለት በእኛ 1928 ዓ.ም. ነው፤ ጣልያን የገባበት። ታላላቆቹ መንግሥታት «መሣሪያ አንሸጥም» ብለው ጀርባቸውን የሰጡን ጊዜ። ያኔ ከሆሊውድ በኩል አንድ ሰው ደርሶልን ኖሯል፤ እኔ ባለውለታችንን ሳላውቀው ሃያ ዓመት በስሙ ስነቀንቅ ኖሬያለሁ።

«መሣሪያ ያመጣልን ይኼ ነው?» አሉ አማቴ። እንዝርቷ ቀርፈፍ አለች።

«አዎ እማማ።»

«ታዲያ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚተክዘው?»

«የሚወዳት ሴት ጥላው ጠፍታ ነበር። አሁን ከባሏ ጋር መጣችበት።»

«ምነው ያኔውኑ እዚህ በቀረ! አንዷን ጨዋ ልጅ ድረን፣ ጎጆ ቀልሰን እናስቀምጠው ነበር። መጠጥ ቤት ውስጥ ብቻውን ከሚያረጅ።»

«እማማ፣ ሰውዬው እኮ የለም። ድርሰት ነው።»

«ቢሆንስ? ውለታ ውለታ ነው።»

መጨረሻው ላይ ሪክ ሴትዮዋን ከባሏ ጋር አውሮፕላን አሳፍሮ፣ ራሱ ጭጋጉ ውስጥ ቀረ። እንዝርቷ ቆመች። «አሳዳጊ ያልበደለው!» አሉ አማቴ። ስለዚያ መጨረሻ ሰማንያ ዓመት ሲጻፍ ኖሯል፤ ከዚህ ያጠረና የተሻለ ግን አላነበብኩም። ደግሞም ምንም አይጎተትም።

ሌላም ነገር አገኘሁ። ሰው ሁሉ ከዚህ ፊልም እየጠቀሰ የሚናገራት አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች፤ «ሳም፣ እንደገና ተጫወተው» የምትል። ስትጠቀስ ስንት ጊዜ ነቅንቄላታለሁ። ያን ሌሊት ጆሮዬን አቁሜ ጠበቅኳት። የለችም። ፒያኖ እንዲጫወት ይለምኑታል፣ ያዙታል፤ በዚያ ቃል የሚናገር ሰው ግን ፊልሙ ውስጥ የለም። የእኔ ቢጤ አንገት በዓለም ላይ ሞልቷል ማለት ነው።

ከዚያ የቪቶሪዮ ዴ ሲካን «የብስክሌት ሌቦች» ከፈትን፤ 1948 እ.ኤ.አ.። ፊልሙ ጣልያንኛ ነው፤ ግን ጽሑፉን ሳላነብ አንዳንዱ ይገባኝ ጀመር። ፒያሳ ሲሉ ቀና እላለሁ። መርካቶ ሲሉ ቀና እላለሁ። ጎማ፣ ፍሬን፣ ብስክሌት ራሱ! ጣልያን አገር ሊወስድ መጥቶ ጎማና ፍሬን ጥሎልን ሄደ እኮ።

ታሪኩ ቀላል ነው። ከጦርነቱ በኋላ ሮም ውስጥ ሥራ ያጣ አባወራ ግድግዳ ላይ ማስታወቂያ የመለጠፍ ሥራ ያገኛል፤ ብስክሌት ያለው ብቻ ነው የሚቀጠረው። ብስክሌቱ ደግሞ መያዣ ሆኖ ተቀምጧል። ሚስቱ ከአልጋው ላይ አንሶላ ገፍፋ፣ እሱን አስይዛ ብስክሌቱን ታስለቅቃለች። «አንሶላዋን!» አሉ አማቴ፣ መኝታ ቤት ያለችው ልጃቸው እንድትሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «ሚስት እንዲህ ናት!» ብስክሌቱ በመጀመሪያው የሥራ ቀን ተሰረቀ። አባትና ትንሹ ልጁ ፍለጋ ወጡ። ሌባ ብስክሌት ሙሉውን አይሸጥም፤ ስለዚህ የሚረዷቸው ወዳጆች ገበያው ውስጥ ሥራ ተከፋፈሉ፤ አንዱ ጎማ ያያል፣ ሌላው አካሉን ያያል።

እኔ ይኼን ፊልም ኖሬዋለሁ። የመኪናዬ ስፖኪዮ በጠራራ ፀሐይ ተነቅሎ ሄደ። አንድ ወዳጄ «አትጨነቅ፤ መርካቶ እንሂድ» አለኝ። ስሙን የማልጠራው አንድ ተራ ውስጥ፣ ያወቀ ያውቀዋል፣ ትሁት የሆነ ልጅ ተቀበለን። «የቀኙ ነው የግራው፣ ወንድሜ?» «የቀኙ።» አሥር ደቂቃ ጠፍቶ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዞ መጣ። ገለጥ አደረግሁት። ጥጉ ላይ ልጄ የለጠፈቻት ሐምራዊ ቢራቢሮ አለች፤ አንድ ክንፏ የተላጠ፣ ልክ እንደነበረችው። ዋጋውን ቀንስልኝ ብለው «ኦሪጅናል እኮ ነው» አለኝ። ኦሪጅናል መሆኑን ከእኔ በላይ ማን ያውቃል?

ገዛሁት። የፊልሙ አባት ግን እንደኔ አልቀናውም። ሲጨንቀው እሱም የሰው ብስክሌት ለመስረቅ ተነሣ፤ ልጁ ዓይን ፊት ተያዘ። እንዝርቷ ወለሉ ላይ ወድቃ ተንከባለለች፤ ማናችንም አላነሣናትም።

የኩሮሳዋ «ሰባቱ ሳሙራይ» 1954 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ 207 ደቂቃ የሚወስድ ፊልም ነው። እኛ ቤት አራት ሌሊት ወሰደ። ምክንያቱ መብራት ነው። ወንበዴ የሚዘርፋቸው ገበሬዎች የሚዋጋላቸው ሰው ለመቅጠር ሲመካከሩ ሄደ። በማግስቱ አራተኛው ሳሙራይ እንደተገኘ ሄደ። እንዲህ ሆኖ አማቴ ጧት ቁርስ ላይ «ሦስቱስ የት ቀሩ?» እያሉ ይጨነቁ ጀመር። የሳሙራዮቹ ደመወዝም አላማራቸውም። ገንዘብ የለም፤ ሩዝ ይበላሉ፣ በቃ። ገበሬዎቹ ራሳቸው ከሩዝ ያነሰ እህል እየበሉ ነው ሩዙን የሚያበሏቸው። «ለእንግዳ ጤፍ፣ ለራስ ዳጉሳ» አሉ አማቴ። «ታዲያ ይኼ ምኑ ፊልም ነው?»

የመጨረሻው ውጊያ የሚካሄደው በዶፍ ዝናብ፣ ጭቃ ውስጥ ነው። ሰይፉ እንደተመዘዘ መብራቱ ሄደ። ውጭም ሐምሌ ስለነበር ዝናቡ አልተቋረጠም፤ ቆርቆሯችን ላይ ቀጠለ። ሻማ ፍለጋ ስንደፋደፍ ከጀርባዬ የእንዝርቷን ሹክሹክታ ሰማሁ። እጃቸው መብራት አይፈልግም።

«አትድከም ልጄ» አሉኝ ከጨለማው ውስጥ። «ገበሬዎቹ ናቸው የሚያሸንፉት። ወታደር መሄዱ አይቀርም። ገበሬው እዚያው ነው።»

በማግስቱ መብራት ሲመጣ መጨረሻውን አየነው። ከሰባቱ አራቱ ሞተዋል። የተረፉት ቆመው የገበሬዎቹን የሩዝ ተከላ ያያሉ፤ አለቃቸውም ያሸነፉት እነሱ እንጂ እኛ አይደለንም ይላል። ተረጎምኩላቸው። «አላልኩህም?» አሉና ባዘቶ ቀጠሉ።

አማቴ ሁልጊዜ ይቀናቸዋል ብላችሁ እንዳታስቡ። የሂችኮክን «ሳይኮ» ገና ከመነሻው አልወደዱትም። «ይኼ የሰይጣን ሥራ ነው» አሉ። አዲስ አበባ ውስጥ መጀመሪያ የተከፈተውን ሲኒማ ቤት አባቶቻችን «ሰይጣን ቤት» ብለውት እንደነበር ትዝ አለኝ። ይኼን ስም ያወጡት ሳይኮ ሳይመጣ ነው፤ ቢያዩት ኖሮ ምን ሊሉት ነበር?

እኔን ግን ያስደነገጠኝ ሌላ ነው። እኔ ፊልም ማየት የተማርኩት ቪዲዮ ቤት ነው። ሃምሳ ሳንቲም ከፍለን፣ አግዳሚ ላይ ተጣብበን፣ መስኮቱ በብርድ ልብስ ተጋርዶ፣ ዴኩ ሲግል ባለቤቱ በካርቶን እያራገበ። እዚያ ቤት የማይጣስ አንድ ሕግ ነበር፦ አክተሩ አይሞትም። መቶ ጥይት ቢተኮስበት አይሞትም። የሚሞተው ጓደኛው ነው፤ ከመሞቱ በፊትም የእጮኛውን ፎቶ ያሳያል። አዲስ የመጣ ልጅ ከፈራ ነባሮቹ «አክተሩ እኮ ነው!» ብለን እናረጋጋዋለን። ሂችኮክ ይኼን ሕግ አያውቅም። ፊልሙ ገና እኩሌታው ላይ ሳይደርስ አክትረሷን ሻወር ውስጥ ገደላት። ለቪዲዮ ቤት ልጅ ይኼ ክህደት ነው።

ደሙ የቸኮሌት ሽሮፕ ነው፤ ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ስለሆነ አያስታውቅም። ይኼን ለባለቤቴ ነገርኳት፤ አልተጽናናችም። ለአንድ ሳምንት የመታጠቢያ ቤቱን በር አልዘጋም አለች። እኔ ደግሞ የእኛ ሻወር ውሃ ከመጣበት እንደሰነበተ፣ በባልዲ የሚታጠብ ሰው ላይ እንዲህ ያለ አደጋ ደርሶ እንደማያውቅ አስረዳኋት።

ሂችኮክ በ1960 እ.ኤ.አ. ፊልሙ ሲወጣ፣ ከተጀመረ በኋላ ማንም እንዳይገባ ብሎ ነበር። ሲኒማ ቤቶቹም አከበሩለት። እንዲህ ያለ ትእዛዝ እኛ ዘንድ ቢመጣ፣ ለሰባት ሰዓት ሰርግ በአሥር ሰዓት በሚመጣ ሕዝብ መካከል፣ ፊልሙን የሚያየው ዘበኛው ብቻ ይሆን ነበር። አማቴ በበኩላቸው ገዳይ ብለው የጠረጠሩት ሌላ ሰው ነው፤ ማን እንደሆነ አልናገርም፣ የእህቴ ልጅ አደራ ብላኛለች። ሲያልቅ ግን «እንዲህ ያለች እናት አማት ብትሆን ምን ይውጠን ነበር?» አሉኝ፣ እኔን ትክ ብለው እያዩ። ምን ልበል? አንገቴ ለሁለት አሳብ ተከፈለ።

ሲትዝን ኬንንም አየሁ። ኦርሰን ዌልስ ሲሠራው 25 ዓመቱ ነበር። እኔ በ25 ዓመቴ እሠራ የነበረውን ሳስብ ቴሌቪዥኑን አጠፋሁት። እንዝርቷ ከመነሻው እስከ መድረሻው ፈጥና፣ ያን ሌሊት ብቻ አንድ ልቃቂት ሙሉ ተፈተለ።

አሥራ ምን ያህልኛው ፊልም ላይ እንደሆነ እንጃ፣ አማቴ ድንገት «ከዚህ ሁሉ ውስጥ የእኛ ሰው የለበትም?» አሉ። ፍላሹን ከላይ እስከ ታች አየሁት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኼ ነው። አሜሪካ አለ፣ ጣልያን አለ፣ ጃፓን አለ፣ ሕንድ አለ። ተሳስቼ ኖሮ ጃፓኖቹ መካከል አንድ ሐበሻ ተገኘ፤ ኮን ኢቺካዋ የ1964ቱን የቶኪዮ ኦሎምፒክ ያነሣበት ፊልም ላይ አበበ ቢቂላ ይሮጣል። ካሜራው ፊቱን አልለቅ አለ። ላቡ ይወርዳል፣ እሱ ግን ልጅነቱን እያስታወሰ የሚሄድ መንገደኛ ነው የሚመስለው። ትርፍ አንጀቱን ከተቀደደ ስድስት ሳምንት አልሞላውም፤ አንደኛ ወጣ፤ ከዚያ ሣሩ ላይ ተኝቶ እግሩን ወደ ላይ ያንቀሳቅስ ጀመር። እኔ ሶፋው ላይ ቀስ ብዬ እግሬን አወረድኩ።

ቀጥሎ የእህቴ ልጅ የኃይሌ ገሪማን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» አመጣችልን። 1976 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ ጥቁርና ነጭ። አስተርጓሚነቴ ቀረ። ጭራሽ እሳቸው ለእኔ ይተረጉሙልኝ ጀመር። ይኼ እርፍ ነው፣ ይኼ ሞፈር፣ ይኼኛው በሬ ገና አልተገራም፣ ግራውን እይ። ገበሬው ከማረሻው ኋላ ሲሄድ ጠጋ ብለው እጁን ተመለከቱ።

«ይኼስ አክተር አይደለም» አሉ። ቃሉን ከእኔ ለምደውታል።

«በምን አወቁ?»

«አያያዙን አታይም? የማያውቅ ሰው እርፍ ሲይዝ ይጨብጣል። ይኼ እጁን ጣል አድርጎበት ነው የሚሄደው።»

ልክ ነበሩ። ኃይሌ ገሪማ ያሠሯቸው የአገሩን ገበሬዎች ነው። እንዝርቷን ግን ስሟን እንኳ አላነሡም፤ ያን ቀን ሙዳይ ውስጥ ትተዋት ነው የመጡት።

ከሃምሳው አሥራ ዘጠኙን እንዳየሁ አማቴ ሐኪሙ አሰናብቷቸው ለአገራቸው ሊነሡ ሆነ። ማራቶኑ ግማሽ ሳይደርስ ቀረ። ባለሁለት ሙሉ ሙዳይ ፈትል፣ ባለአሥራ ዘጠኝ ፊልም ሆነን ጨረስን። ከመሄዳቸው በፊት በነበረው እሑድ ቡና ተፈላ፤ ጋሼም ተጠሩ። ክራቫታቸው ሰማያዊ ነው።

አቦሉ እስኪቀዳ አልጠበቅኩም። «ጋሼ፣ ያችን ጥያቄዎን መልሼ ልመልስ» አልኩ። «ሪክ በ1928 ለኢትዮጵያ መሣሪያ አቀብሏል!»

ፊታቸው በራ። «እንዲህ ነው እንጂ! ስንቱ አየሁ ይላል፣ ይኼን የሚያስታውስ ግን የለም።» ጉልበቴን መታ መታ አደረጉኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

«እኔ እንኳን ከሁሉ የማልረሳው» አሉ ጋሼ፣ ወንበራቸው ላይ ደገፍ ብለው፣ «መጨረሻውን ነው። ልጅቷን ይዟት አውሮፕላኑ ላይ ሲወጣ። በመስኮት መሐረብ ሲያውለበልቡ። ሲኒማ ቤቱ በሙሉ አለቀሰ እኮ፤ እኔም አለቀስኩ። ታስታውሰዋለህ?»

ባለቤቴ ፈንዲሻውን እንደያዘች ቆመች። አማቴ እንዝርታቸውን አቆሙ። «ኧረ እሱስ...» ብለው ጀመሩ፤ ዓይኔን ሲያዩት ተዉት። ጋሼ ከሲኒው በላይ ያዩኛል። ትዝታ ይሁን ሁለተኛ ፈተና ከፊታቸው ላነብ አልቻልኩም።

አንገቴ ሥራውን ጀመረ።